በሚንቀጠቀጥ አገር ሰላምታ አይቋረጥም

የተወለድኩበት አገር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ላስደንቃችሁ ብዬ ሳይሆን፣ የቀረውን ስትሰሙ «እነዚህን ሰዎች ምን ነካቸው?» እንዳትሉ ነው። የነካቸው መሬቱ ነው። ጎህ ሲቀድ ይጀምራል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ያቆማል። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ግዙፍ ሰው ተኝቶ እያንኮራፋ ነው የሚሉ አሉ። «ታዲያ ለምን ቀን ቀን ብቻ?» ሲባሉ፣ «ማታ ማታ ዘበኛ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ ስላልተገኘ በትምህርት ቤትም የሚሰጠው ይኸው ነው።

ንዝረቱ ቤት አያፈርስም፣ ሰውም አይጥልም። ብቻ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጠዋት ደጃፍ ላይ የተዉት በርጩማ ለምሳ ጓሮ ይገኛል። በሌላ አገር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ተረት አለ አሉ፤ እኛ ዘንድ ይህ የዶሮ አርቢዎች የዘወትር አቤቱታ ነው። ሰፌድ ላይ የተሰጣ ሽምብራ ማንም ሳይነካው ተንከባሎ አንድ ጥግ ላይ ይሰበሰባል። እናቶቻችን ይህን እያሳዩ፣ «አያችሁ፣ ሽምብራ እንኳ ወገኑን ይወዳል» ብለው ነው ያሳደጉን።

ስሜ ይርጋ ይባላል፤ ሥራዬ ካስማ መትከል ነው። የሰዉን አልጋ፣ ሣጥንና ቡሀቃ ከወለሉ ጋር በካስማ አስሬ ባለበት እንዲውል አደርጋለሁ። አባቴም ካስማ ተካይ ስለነበረ ስሜን ያወጣው ለገበያው ብሎ ይመስለኛል።

ሰውም እንደ በርጩማው ነው። ብቻውን የቆመ ይንሸራተታል፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሁለት ሰዎች ግን እንደ ተተከለ ካስማ ቀጥ ይላሉ። አባቶቻችን ይህን አይተው ሕግ አወጡ። ሰውና ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ይያያዝ፤ ሰላምታውን ሙሉ በሙሉ ያድርስ፤ የመጨረሻዋ «ይመስገን» ሳትባል እጅ አይልቀቅ። ሰላምታ ማቋረጥ ከሌብነት የከፋ ነውር ነው። ሌባ የሰረቀውን ሊመልስ ይችላል፤ ሰላምታ ያቋረጠ ግን አንድን ሰው እጁን እንደዘረጋ መሬቱ እንዲወስደው ትቶታል።

የሰው ማዕረግም በሰላምታው ርዝመት ይታወቃል። እንደ እኔ ያለው ባለ አጭር፣ «እንዴት ዋልክ?» «ይመስገን» ተባብሎ ይለያያል። ባለ ረጅም ከሆነ ግን ቤቱ፣ በሬው፣ የበሬው እናት፣ የሞቱት አያቶቹም በየስማቸው ይጠየቃሉ። ሹመት ያገኘ ሰው «ሰላምታው ረዘመለት» ይባላል። የተሻረ ደግሞ በማግስቱ መንገድ ላይ ሲሮጥ ይታያል፤ የሚያቆመው የለምና። በአያቶቻችን ዘመን ሌላ ዓይነት ሰላምታም ነበር፤ ከወገብ ጎንበስ ብሎ ማለፍ። ጎንበስ ብሎ ያለፈ ሰው ሰላምታው ሙሉ ነው፤ እጁም አይያዝም። ነገር ግን በሚንቀጠቀጥ መሬት ላይ የሚጎነበስ ሰው ብዙ ጊዜ በግንባሩ ስለሚደፋ ወጉ እየቀረ ሄደ፤ ሕጉን ግን የሻረው የለም።

ከተማችን በአንድ ረጅም ግንብ ለሁለት ተከፍላለች፤ በአንዱ በኩል ጧት ሰፈር፣ በሌላው ማታ ሰፈር። መገናኛዋ አንዲት መሹለኪያ ብቻ ናት። አንድ ሰው ከነጓዙ ታሳልፋለች፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። ልጅ ሳለሁ ንዝረቱ ብርቱ ስለነበረ ይህ አላስቸገረንም። ሰዎች ይገናኛሉ፣ ሰላም ይባባላሉ፣ «ይመስገን» እንዳሉ መሬቱ አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ይሰደዋል። በሁለቱም ሰፈር እኩል ሰው ነበር። ማንም ይህን እንደ መልካም አስተዳደር አልቆጠረውም።

ከዚያ ንዝረቱ ለዘብ አለ። መጀመሪያ ደስ አለን፤ ማሰሮ የሚሰበርብን ቀነሰ፣ ሕፃናትም ሳይታሰሩ መተኛት ቻሉ። አንድ ቀን ግን ጧት ሰፈር ለቅሶ ነበርና ከወትሮው ጥቂት በዛ ያለ ሰው ተሰበሰበ። ሰው ሲበዛ ሰላምታ በዛ። ሰላምታ ሲበዛ እስከ መሹለኪያዋ የሚደርስ ሰው ጠፋ። ከማታ ሰፈር ጨው ሊገዛ የገባው ሁሉ እየተያዘ ቀረ፤ ሊፈልገው የሄደውም ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ከተማው በሙሉ ጧት ሰፈር ተከማቸ። ማታ ሰፈር የቀረነው ጥቂት ሰዎች የሚያቆመን አጥተን ከጥግ ጥግ እንደ ፍየል ስንፈነጭ እንውል ነበር።

ጉባኤ ተጠራ። አንዱ ሊቅ የጧት ሰፈር ውሃ ስለሚጣፍጥ ነው አለ። ሌላው የማታ ሰፈር ሰዎች ምግባር ስለሌላቸው ሰው ሸሻቸው አለ፤ ማስረጃው መሮጣችን ነበር። በመጨረሻ የአገሩ የሰላምታ ሹም፣ ሊቀ ሰላምታ ጓንጉል፣ ተነሡ። እሳቸውን ጠዋት ሰላም ያለ ሰው ምሳውን ይዞ ነበር የሚሄደው።

«ሰዉ የተጨናነቀው መተሳሰብ ስለ ጠፋ ነው» አሉ። «ሰላምታ ይጨመር።»

በዚያው ዕለት በየሰላምታው ላይ «ካስማዎ እንደምን ነው?» የምትል ጥያቄ ታከለች። ለሙያዬ ክብር ስለሆነች አልተቃወምኩም። መጨናነቁ ባሰ። መባሱ ሲታይ፣ መተሳሰቡ ገና እንዳልሞላ ታውቆ ሁለተኛ ጥያቄ ተጨመረ።

አልጣሽን ያወቅኋት በዚያ ሰሞን ነው። የጋሼ ሽበሺ ልጅ ናት። ቤታቸው ጧት ሰፈር፣ ከመሹለኪያዋ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የአባቷን ሣጥን ልተክል ስገባ ደጃፍ ላይ ሽምብራ ስታሰጣ አገኘኋት። እንደ ወጉ እጇን ይዤ «እንዴት ዋልሽ?» አልኳት።

«አንተ ነህ ካስማ ተካዩ?» አለችኝ። «ሽምብራ መትከል ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ምን ትጠቅማለህ?»

«አንቺ ‹ይመስገን› ካላልሽና እጄን ካላገኘሁ ለምንም አልጠቅምም።»

«እስቲ ትንሽ አትጥቀም» አለችና ሽምብራዋን ማየት ቀጠለች። እሷ «ይመስገን» እስክትል ሣጥኑ ጓሮ ደርሶ ነበር። እኔም እዚያው በእሷ ፍቅር ወድቄ ነበር፤ አልደብቅም።

የእኛ አገር ሠርግ ሥርዓቱ ቀላል ነው። በሠርጉ ጠዋት ሙሽራውና ሙሽሪት በተለያየ ሰፈር መገኘት አለባቸው። ከዚያ አንዱ መሹለኪያዋን አልፎ ጀንበር ሳትጠልቅ የሌላውን እጅ ይይዛል፤ በቃ፣ ተጋቡ። ሁልጊዜ የሚሻገረው ወንዱ ነበር፤ ሴቷ ተሻግራ አታውቅም እንጂ አትሻገር ያለ የለም። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ የተያዘ እጅ ግን ዋጋ የለውም። ጸጥ ባለ መሬት ላይማ ማንም ከማንም ጋር መቆም ይችላል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሦስት ጊዜ የከሸፈ ሠርግ ደግሞ ለአራተኛ አይጠራም፤ ሁለቱም ለሌላ ይታጫሉ።

በመጀመሪያው ሠርጌ ቀን ከነሚዜዎቼ በማለዳ ተሻገርኩ። ሚዜዎቼ ገና ከመሹለኪያዋ እንደ ወጡ አንድ በአንድ ተያዙ። እኔን የያዘኝ የጥላ ዳኛው ነበር፤ በየዛፉ ጥላ ሥር ማን መቀመጥ እንዳለበት የሚፈርድ ትልቅ ሰው ነው። አያቶቹን ጨርሼ ወደ በሬው ስደርስ አልጣሽ ደጃፏ ላይ ነጭ ለብሳ ቆማ ታየችኝ። ከዳኛው ስላቀቅ ሌላው ያዘኝ፤ ከእሱ ስላቀቅ ሌላው። የእሷን ቤት በር ስነካ መሬቱ ጸጥ አለ።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ ልጄ» አሉኝ ጋሼ ሽበሺ። «እራት ብላና ሂድ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያልጠበቅነው የመጣው። ከጧት ሰፈር ባለ አጭሮቹ ማፈትለክ ጀመሩ። ሰላምታቸው ቶሎ ስለሚያልቅ፣ በሽምብራ መሃል እንደሚሾልክ ጤፍ በትልልቆቹ መሃል እየሾለኩ ወደ ማታ ሰፈር ወጡ። ባለ ረጅሞቹ አንድ ቀን ዞር ቢሉ ሰላም የሚላቸው የለም። እርስ በርስ እንዳይባባሉ ባለ ረጅም ለባለ ረጅም አይቀድምም። የሚይዛቸው ያጡት ትልልቅ ሰዎች፣ ሹሙም ጭምር፣ ካባቸውን እንደ ለበሱ መሬቱ እያንሸራተተ ተራ በተራ በመሹለኪያዋ አወጣቸው። ማታ ሰፈር ደግሞ ባለ አጭሮቹ ሞልተው ነበርና እዚያ እጃቸው ተያዘ፣ ቆሙ፣ ሌላውንም አቆሙ። ከተማው በሙሉ ማታ ሰፈር ተከማቸ።

ሊቃውንቱ ውሃው አሁን የጣፈጠው በማታ ሰፈር መሆኑን መሰከሩ። ባለ አጭሮቹ ግን ረጅሙ ሰላምታ ሲሰለቻቸው እንደገና ሾልከው ወደ ጧት ሰፈር ሄዱ፤ ትልልቆቹም ሰላም የሚላቸው ፍለጋ ተከተሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማችን ከወዲህ ወዲያ መመላለስ ያዘች። አንድ ወቅት እዚህ፣ አንድ ወቅት እዚያ፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ሰዉ ሁሉ በሁለቱም ሰፈር ቤት መሥራት ጀመረ፤ የኔ ካስማ እጥፍ ተሸጠ። በሥራዬ ደስ ብሎኝ በትዳሬ አልቅሻለሁ ማለት እችላለሁ።

ምክንያቱም ሁለተኛው ሠርጌ የከሸፈው በዚሁ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ከተማው ተገልብጦ ወደ ማታ ሰፈር መጣ፤ ጋሼ ሽበሺም ቤተሰባቸውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር መጡ። አልጣሽ ወደ ጧት ሰፈር ልትመለስ ብትወጣ ተያዘች። እኔ በሷ ፈንታ ልሻገር ብወጣ ተያዝኩ። የሠርጋችን ፀሐይ ስትወጣ ሁለታችንም ማታ ሰፈር፣ ተራርቀን፣ እያንዳንዳችን የሰው በሬ ጤና እየጠየቅን ነበርን።

«አንድ ቀርቶሃል» አሉኝ ጋሼ ሽበሺ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸው ሳታገባ እንዳትቀር ይሰጋሉ። «ካልሆነ ግን የነፋስ ቀራጩ ጠይቀውኛል። ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሰላምታቸው የረዘመ ሰው ናቸው።»

የነፋስ ቀራጩን አውቃቸዋለሁ። መስኮት ከፍቶ ነፋስ ያስገባውን ሁሉ ቀረጥ የሚያስከፍሉ ሰው ናቸው። አልጣሽ መስኮት ሳትከፍት ስትኖር ታየኝ።

ሊቀ ሰላምታ ጓንጉል ዘንድ ሄጄ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሙሽራ ብቻ፣ ሰላምታ እንዲያጥርልኝ ለመለመን ወሰንኩ። በማለዳ ደረስኩ። እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸውን ጠየቅሁ፣ ቤታቸውን፣ በሬያቸውን፣ ካስማቸውን ጠየቅሁ፤ ካስማውን የተከልኩት እኔ ስለሆንኩ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየን። አያቶቻቸው ውስጥ አንዱን ዘልዬ ኖሮ ከላይ አስጀመሩኝ። «ይመስገን» ሲሉ መሬቱ ጸጥ ሊል ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«ጉዳይህ ምን ነበር፣ ልጄ?»

«ጌታዬ፣ ሰላምታ ቢያጥርልኝ ብዬ ነው።»

አዘኑልኝ፤ ከልባቸው አዘኑ። «አየህ» አሉኝ፣ «ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ነገ በማለዳ ናና በሰፊው እንነጋገራለን።»

በዚያን ጊዜ ከተማው ወደ ጧት ሰፈር ተመልሶ ነበር፤ እኔ በአጭር ሰላምታዬ ቀድሜ ሾልኬ ማታ ሰፈር ገብቻለሁ። አልጣሽና እኔ ግንቡን ከወዲህና ከወዲያ ተደግፈን እንነጋገር ነበር። በግንብ መሃል እጅ መያዝ ስለማይቻል ሰላምታም አይጠየቅም፤ በአገራችን ዝም ብሎ ማውራት የሚቻልበት ቦታ ያ ብቻ ነው።

«አልጣሽ፣ አለቀልን» አልኳት። «በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንዴት አልፌ እደርስብሻለሁ?»

«አንተ ለምን ታልፋለህ? ሰዎቹን አውጣቸዋ» አለች፣ ድምፅዋ ከድንጋዩ ማዶ እየመጣ። «እኔ ሽምብራውን በእጄ ልበትን ስል እንደገና ይሰበሰብብኛል። መሃሉ ያለውን ጤፍ ሳበጥርለት ግን ሽምብራው በራሱ መንከባለል ይጀምራል። ትንንሾቹን ጥራቸው፤ ትልልቆቹ ማን ሰላም ይለናል ብለው ይቀራሉ?»

«በምን ልጥራቸው?»

«በምን ይጠራል ሰው? ደግሳ!»

ደገስኩ። የማታ ሰፈርን ሜዳ ያህል ዳስ ጣልኩ፤ ምሰሶው እንዳይሄድ እያንዳንዱን በካስማ ቸነከርኩ፤ ጠላው እንዳይፈስ እንስራውን ሁሉ ከድኜ አሰርኩ። በሦስተኛው የሠርጌ ጠዋት ወሬው በባለ አጭሮቹ መሃል ሲናፈስ፣ «እንዴት አደርክ?» «ይመስገን፤ ይርጋ ደግሷል» እየተባባሉ በአንድ ጊዜ ጎረፉ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ጧት ሰፈር ከባለ ረጅሞቹና ከሙሽሪት ቤት በቀር ባዶ ሆነ። የአልጣሽ ሐሳብ እስከዚህ ድረስ እንዳለችው ሆነ።

ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። በሌላው ጊዜ ትልልቆቹ ተራ በተራ ነበር የሚለቀቁት። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ ተለቀቁ፤ መሬቱም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሰብስቦ መሹለኪያዋ ላይ አደረሳቸው። ሰላም ለማለት መቅደም ውርደት ነው። በር ላይ ለማሳለፍ መቅደም ደግሞ ክብር ነው።

«እርስዎ ይቅደሙ» አሉ ሊቀ ሰላምታ ጓንጉል።

«ኧረ በሞቴ፣ እርስዎ!» አሉ የጥላ ዳኛው።

«አይደረግም! እርስዎ እያሉ?» አሉ የነፋስ ቀራጩ። ሠርጉ ሲከሽፍ በአካል ለመገኘት አዲስ ካባ ለብሰው ነበር።

«በእኔ ሞት!»

«እኔ ቆሜ እርስዎን ካላሳለፍኩማ ምኑን ሰው ሆንኩ?»

እየተገባበዙ ሳለ መሬቱ እንዳይወስዳቸው እጅ ለእጅ ተያያዙ። የተያያዘ ደግሞ እንደ ካስማ ነው፤ መሹለኪያዋ ላይ ተተከሉ። ከኋላ የመጡት ትልልቆችም ከፊት የቆሙትን ቀድሞ ማለፍ ነውር ነውና ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት እጅ ተያይዘው፣ «ይቅደሙ» «አይሆንም» እየተባባሉ ከመሹለኪያዋ እስከ ጋሼ ሽበሺ ደጃፍ ተሰለፉ። ካስማ ስተክል ኖሬ እንደዚያ የጠበቀ ነገር አይቼ አላውቅም።

እንግዶቼን አንድ በአንድ ሰላም ብዬ ስጨርስ ጀንበር ማዘቅዘቅ ጀመረች። መዶሻዬን እንደያዝኩ ወደ መሹለኪያዋ ሮጥኩ፤ ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም፣ ሠራተኛ ሲጨንቀው መዶሻ ያነሳል። ደርሼ በመካከላቸው ልሾልክ ስል ሊቀ ሰላምታ ጓንጉል አዩኝ። አንድ እጃቸው ነፃ ነበረች። ቀኝ እጄን ለቀም አደረጉኝ፤ መዶሻው ወደቀ።

«ካስማ ተካዩ! አንተ ነህ? እንደምን ዋልክ?»

«ይመስገን። እርስዎ እንደምን ዋሉ?» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? «ቤትዎ እንደምን ዋለ? በሬዎ እንደምን ዋለ?»

ከእሳቸው ትከሻ በላይ አልጣሽ ትታየኛለች፤ ደጃፏ ላይ፣ ነጭ ለብሳ፣ እንደ መጀመሪያው ጊዜ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሹሙ በሬያቸውን የምወድላቸው መስሏቸው ልባቸው ተነካ። «ደግ ልጅ ነህ» አሉኝ። «እናቱም ደህና ናት።» የበሬው እናት ማለታቸው ነው።

ያን ጊዜ አልጣሽ ቀሚሷን ሰበሰበች። መጀመሪያ በተያያዙት ሁለት ትልልቅ ሰዎች ክንድ ሥር ከወገቧ ጎንበስ ብላ ገባች። ልጅ ሆና ከሽምብራው ኋላ በየአልጋው ሥር እየተሳበች ስላደገች መሬቱ አልጣላትም። ከአንደኛው ክንድ ሥር ወጥታ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ቀና ሳትል፣ አንገቷን እንደ ደፋች፣ የአገሩ ትልልቅ ሰዎች በክንዳቸው በሠሩት ጣራ ሥር መጣች። እኔ «አያትዎ እንደምን ነበሩ?» እያልኩ አያለሁ።

ያለፈችባቸው ሁሉ ሰላምታ ያቋረጠች መስሏቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ጎንበስ ያለ ሰው ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ሕጉን የሻረው የለም። ደግሞም እያንዳንዳቸው ሙሽራ በሠርጓ ቀን ከወገቧ ዝቅ ብላ እሳቸውን ብቻ እጅ የነሳች ነው የመሰላቸው።

«ማን አሳደጋት ይህችን የተባረከች?» አሉ የጥላ ዳኛው። «አያችሁ እንዴት እንዳከበረችኝ?»

«እርስዎን? እኔን ነው እንጂ!» አሉ የነፋስ ቀራጩ፤ ስለ ምን እንደ መጡም ረሱት።

በመጨረሻ በሹሙ ብብት ሥር ብቅ አለች፤ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አፍንጫዋ አቧራ ጠጥቶ። ከጀንበሯ ጥፍር የምታህል ቀርታ ነበር። ቀኝ እጄ ሹሙ ዘንድ ስለሆነ ግራ እጄን ያዘች።

«በግራ?» አልኳት።

«የተገኘውን ነው የያዝኩት» አለች እያለከለከች።

መሬቱ ሁለታችንን ትንሽ አንቀጠቀጠንና ቀጥ ብለን ቆምን። ሊቀ ሰላምታ ጓንጉል ሌላኛውን እጄን እንደ ያዙ ነበሩ፤ ለሠርግ ከእሳቸው የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ዳሱ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ጋሼ ሽበሺ ከግንቡ ማዶ «ደረሰች ወይ? ደረሰች ወይ?» እያሉ ሲጮኹ ይሰማኝ ነበር።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ከተማችን ዛሬም ከወዲህ ወዲያ ትመላለሳለች። ትልልቆቹ አልጣሽ እጅ የነሳችው ለማን እንደሆነ ገና ስላልተስማሙ ጉባኤው አልተዘጋም፤ ሰላምታ መጨመሩም ለጊዜው ተረስቷል። እኛ ቤታችንን ከመሹለኪያዋ አጠገብ ሠራን። የሚያልፈውን እናያለን፤ ማንም ሲያልፍ ይቸኩላልና አይይዘንም።

አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር ቀርቻለሁ። ያን ዕለት እጄን እንደ ያዘች፣ እንደ ወጉ «እንዴት ዋልሽ?» ብያት ነበር። እሷ «ይመስገን» ብላ እጄን ልትለቅና ወደ ዳሱ ልንገባ ነው ሥርዓቱ። አላለችም።

«መልሺ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ፤ «ሰው እየጠበቀን ነው።»

«ብመልስ ትለቀኛለህ» አለችኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የባልና ሚስት ያልተጨረሰ ሰላምታ ለሥራና ለእንቅልፍ ይቆያል እንጂ አይቋረጥም፤ ሲገናኙ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ ማታ ከካስማዬ ስመለስ እጇን ይዤ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ። እሷም «ሽምብራው ዛሬ ወደ በሩ ሄዷል» ትላለች፤ ወይ «ወገቤን ቆረጠመኝ»፤ ወይ «ሹሙ ሁለት ጊዜ አለፉ፣ ካባቸው ተቀዷል»። ያችን ቃል ግን እስከ ዛሬ ከአፏ አላወጣችም።

በቅርቡ ንዝረቱ ይበልጥ እየለዘበ ስለሆነ አንድ ቀን ጨርሶ ሊቆም ነው የሚል ወሬ ተነሥቷል። ገበያው ሁሉ በዚህ ተይዟል፤ እኔም እንጀራዬ ነውና ፈራሁ። ትናንት እጅ ለእጅ ተያይዘን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጀንበሯ ጠለቀች፣ መሬቱም ጸጥ አለ። ጸጥ ባለ መሬት ላይ የተያዘ እጅ ዋጋ የለውም የሚሉት ትዝ አለኝና ቀስ ብዬ እጄን አየሁት። አልጣሽ አልለቀቀችውም።

«እንዴት ዋልሽ?» አልኳት።

«ገና እየዋልኩ ነው» አለችኝ።